አንገተ ረጅሙና የቁርአኑ ሽፋን

ልጅ ሳለሁ፣ እናቴ ኤረር በር ገበያ ጎመንና ቲማቲም ሸጣ እስክትመለስ የምቆየው አው ሙሜ ቤት ነበር። «አው» በሐረር የተከበረ አዛውንት የሚጠራበት ነው፤ እኔ ግን ያኔ የስማቸው ግማሽ ይመስለኝ ነበር። እኛ ከከተማው ግንብ ውጭ፣ ከፈላና በር ወጣ ብለን የምንኖር ክርስቲያኖች ነን፤ እሳቸው ሙስሊም ናቸው፣ ቤታቸውም ከበሩ ገባ ብሎ ነው። እናቴ አደራ ስትላቸው ሃይማኖቴን የጠየቀ አልነበረም፤ ምሳ መብላቴን ብቻ ነበር የጠየቁት።

አው ሙሜ መጽሐፍ ጠራዥ ነበሩ። አሮጌ ወረቀት በዱቄት ሙጫ አንዱን በአንዱ ላይ ይለጥፉና፣ ድንጋይ ጭነውበት ሲደርቅ እንደ ሳንቃ የጠነከረ ሽፋን ይወጣዋል። ሙጫው ከሰል ላይ ቀስ እያለ ይንተከተካል፤ ከረሱት ደግሞ ጭሱ ያረረ ገንፎ ይሸታል። እስከ ዛሬ ገንፎ ባረረብኝ ቁጥር እሳቸው ከበስተኋላዬ የተቀመጡ ይመስለኛል።

አንድ ክረምት ለወረቀቱ ብለው ከአሮጌ ዕቃ ነጋዴ የፈረንጅ መጽሐፍ ገዙ። ገልጠው ሲያዩት፣ «ያ አላህ! ይኼ ደግሞ የማን ከብት ነው?» ብለው ሳቁ። ዳይኖሰር የሚባል ነገር እሳቸውም እኔም ሰምተን አናውቅም። የፈረንጁን ፊደል ስለማያውቁት እንስሳውን ራሱን አነበቡት። «መጀመሪያ ጥርሱን እይ፣ ከዚያ እግሩን። አፍና እግር አይዋሹም» ይሉኝ ነበር። ከዚያ በኋላ በየምሽቱ፣ አንዱን ገጽ ሙጫ ሳይቀቡት በፊት፣ የዚያን አውሬ ተረት በፋኖስ ብርሃን ያወሩልኛል።

በሁለት እግሩ የሚቆመው፣ ጥርሱ እንደ ቢላዋ የተሳለው ሥጋ በል ነበር፤ እጆቹ ግን የሕፃን እጅ ያክላሉ። «እጁ አፉ ጋ አይደርስ፣ ጥርሱን ፈርቶ የሚያጎርሰው የለ፤ ቁጡ የሆነው ወዶ ነው?» ይላሉ። ባለ ሦስት ቀንዱ አንገቱ ላይ ጋሻ የሚመስል አጥንት አለው፣ አፉ የበቀቀን ምንቃር ይመስላል፤ ሣር በል ስለሆነ ቀንዱ «አትምጡብኝ» ለማለት ብቻ ነው። ጀርባው ላይ እንደ ቆርቆሮ ክዳን የተሰካካ ሳህን፣ ጅራቱ ላይ እሾህ ያለው ደግሞ ጭንቅላቱ ከአካሉ ጋር አይመጣጠንም። «አካል ሰጥቶ አእምሮ ሲነሳ እንዲህ ነው። እኛም ሰፈር ሞልቷል» ሲሉ ሚስታቸው ከጓዳ፣ «ስም እንዳትጠሩ ብቻ!» ይሏቸዋል።

እኔ የምወደው አንገተ ረጅሙን ነበር። እግሩ የዝሆን፣ ጥርሱ የማበጠሪያ፤ ቅጠል ይመለምላል እንጂ አያኝክም። «ይህ» አሉኝ አው ሙሜ፣ «ከከተማው በላይ፣ ሐኪም ጋራ ላይ ቆሞ አንገቱን ቢያወርድ የእናትሽን ጎመን ይጨርሰዋል።» በመሸ ቁጥር እናቴ የማትመጣ ይመስለኝ ስለነበር ማልቀስ ስጀምር ገጹን ያነሱና፣ «ቆይ እስቲ፣ እሱ ከላይ ሆኖ ያያታል። አሁን ዕቃዋን ሰበሰበች። አሁን ከሰው ጋር ቆማ ታወራለች፣ ወሬ መቼም አይሰለቻት። አሁን መንገድ ጀመረች» ይሉኛል። ብዙም ሳይቆይ የእናቴ ድምፅ ከደጅ ይሰማል።

ገጾቹ እያለቁ ሲሄዱ ፍርሃት ያዘኝ። አንገተ ረጅሙም ከተለጠፈ የእናቴን መምጣት ማን ሊነግረኝ ነው? አው ሙሜ ለቁርአን ሽፋን ነፍስ ያለው ነገር የተሣለበት ወረቀት አያስገቡም ነበር፤ ለዚያ ጽሑፍ ብቻ ያለበት ለብቻው ተቆልሎ ይቀመጣል። እኔም በልጅ ብልጠቴ፣ እዚያ ቁልል ውስጥ ሥዕል የሚፈልግ የለም ብዬ ገጹን በፊቱ ደፍቼ ከመሃል ሸጎጥኩት።

በማግሥቱ ሌላ ሥራ ይዘዋል ብዬ ስጫወት ቆየሁ። መሽቶ ፋኖሱ በርቷል። ቀና ስል የቁርአን ሽፋን እየለጠፉ ነው፤ ወረቀት ሲያነሱ አረንጓዴ ጅራት በፋኖሱ ብርሃን ብልጭ አለና ሙጫው ላይ ዐረፈ። ዓይናቸው ደክሞ ስለነበር አላዩትም። ሌላ ወረቀት ደረቡበት፣ ከዚያም ድንጋዩን ጫኑ።

እናቴ መጥታ ጠራችኝ። ጫማዬን አድርጌ ደጃፉ ላይ ቆምኩ። ብናገር ዳግመኛ እዚያ ቤት የሚያስገቡኝ አልመሰለኝም፣ ዝም ብል ደግሞ የሰው ቅዱስ መጽሐፍ ነው።

«ምን ይገትርሻል?» አለች እናቴ።

«ሥዕሉ ቁርአኑ ውስጥ ገብቷል። እኔ ነኝ የደበቅሁት።»

እናቴ በኩርኩም አለችኝ። «አንቺ ልጅ፣ ልታዋርጂኝ ነው የተወለድሽው?»

«ተያት!» አሉ አው ሙሜ። ድንጋዩን አነሡ፣ የምሽቱን ሥራ ሁሉ አንድ በአንድ መላጥ ጀመሩ፤ እኔ ቆሜ አያለሁ። አንገተ ረጅሙ ብጥስጥሱ ወጣ። ጣታቸውን በጨርቅ ጠርገው ሲያዩኝ ቁጣ አልነበረባቸውም።

«ባትነግሪኝ እኔ አላውቅም፣ የቁርአኑ ባለቤትም አያውቅም። የሚያውቀው አንዱ ነው» ብለው ወደ ላይ ጠቆሙ። «ነገ እጅሽን ታጥበሽ ነይ። የቁርአኑን ወረቀት የምትለይልኝ አንቺ ነሽ።»

በቤተ ክርስቲያን ስለ ንስሐ ብዙ ስብከት ሰምቻለሁ፤ ክብር ለእግዚአብሔር ይሁን፣ ሁሉም ጠቅሞኛል። ነገር ግን ኑዛዜ በተባለ ቁጥር ትዝ የሚለኝ ያ የራሰ ወረቀት ሲላጥ የሚያሰማው ድምፅ ነው።

ዛሬ ልጄ የእነዚያን አውሬዎች ስም ከስልክ ላይ እያነበበች ታስተምረኛለች። ከአው ሙሜ መጽሐፍ ውስጥ ክንፍ የነበረው አውሬ ዳይኖሰር አለመሆኑን የነገረችኝ እሷ ናት። የአንገተ ረጅሙን ዓይነት ብቻ ብዙ ታሳየኛለች፤ የእኔን ግን እስካሁን አላገኘሁትም።

አው ሙሜ በስተመጨረሻ ዓይናቸው ጨርሶ ጠፋ። ትዳር ከያዝኩ በኋላ ልጠይቃቸው ስሄድ፣ «በይ እስቲ ንገሪኝ፣ ያ ረጅሙ እንዴት ነበር?» ይሉኝ ነበር። እኔም ጥርሱን፣ እግሩን፣ ቅጠል አመላመሉን አንድ በአንድ እነግራቸዋለሁ። ጭንቅላታቸውን እየነቀነቁ ይሰሙና፣ «አንገቱን አሳጠርሽው» ብለው ያርሙኛል።

አሁን ለልጄ ሳወራላት የቱ ጋ እንዳሳጠርኩት አላውቅም። እሷም ያንን ገጽ ስላላየችው አታርመኝም።