የጋሽ ይበልጣል ሁለተኛ ዓይን

ብቸና መናኸሪያ አጠገብ ባለችው ጠባብ ሱቃቸው ዕድሜያቸውን ሙሉ ሲሥሉ የኖሩት ሠዓሊ ጋሽ ይበልጣል ባለፈው ሳምንት ከዚህ ዓለም በሞት ተለይተውናል። ሕመም አላስጨነቃቸውም፤ ባለቤታቸው እትዬ የሺ አጠገባቸው ተቀምጠው እንቅልፍ የወሰዳቸው መስሏቸው ነበር። በቀብራቸው ዕለት ከሞጣ የመጣው ሰው ብዛት የብቸናን ሰው አስገርሞታል። እኔን አልገረመኝም። ይህን የምጽፈውም ምክንያቱን ለማያውቁ፣ ለቅሶው ላይ ላልደረሱ ወዳጆቻቸው ነው።

እኔ ጋሽ ይበልጣልን ያወቅኋቸው የኮምፒውተር መምህርት ሆኜ ከጅማ ወደ ብቸና በተመደብኩ ጊዜ ነው። የተከራየኋት ክፍል ከሱቃቸው ጀርባ ነበረች። ሙስሊም መሆኔን ካወቁ በኋላ ረመዳን በገባ ቁጥር፣ ጀንበር ስትጠልቅ ትኩስ ሾርባ ይላክልኝ ነበር። «አንቺ ልጅ፣ ጾምሽን ፍቺና ነይ፤ የማሳይሽ ሥዕል አለ» የሚል መልእክት አብሮ ይመጣል። ሾርባው ብቻውን መጥቶ አያውቅም።

ሥራቸውን ላላየ ሰው አንድ ነገር ልናገር። ሥዕልን ደብረ ወርቅ ከቤተ ክርስቲያን ሠዓሊ ነው የተማሩት። በዚያ ትምህርት ደግ ሰው ፊቱን ወደ እኛ አድርጎ በሁለት ዓይኑ ይሣላል፤ ክፉ ሰው ግን በጎን ስለሚሣል አንድ ዓይኑ ብቻ ይታያል። ጋሽ ይበልጣል ይህን ሕግ ከቤተ ክርስቲያን አውጥተው ገበያ መሀል አዋሉት። የብቸናን ገበያ በትልቅ ሸራ ሥለው ሱቃቸው ውስጥ ሲሰቅሉት፣ የከተማው ሰው ተራ በተራ እየገባ የራሱን ዓይን መቁጠር ጀመረ። እህል ነጋዴው አቶ ጌቴ ራሳቸውን በጎን ተሥሎ ሲያገኙት ደማቸው ፈላ።

«ይበልጣል፣ ሁለተኛው ዓይኔ የታለ?»

«ሚዛንህ ሲስተካከል ይመጣል።»

አቶ ጌቴ በሩን አላትመው ወጡ። ከወር በኋላ ግን አዲስ ሚዛን ገዝተው «ናና እይ!» ሲሉ ጠሯቸው። ጋሽ ይበልጣልም ቃላቸውን አላጠፉም፤ የአቶ ጌቴን ፊት ወደ እኛ አዙረው፣ እንዲያውም ዓይናቸውን ትንሽ ተለቅ አድርገው ሣሉላቸው። ከዚያ ወዲህ ሁለቱን የሚለያቸው አልነበረም።

አዲስ አበባ ያሉ ወጣቶች የእጅ ሥራ የሚሸጡበት ድረ ገጽ ሲከፍቱ፣ ሥዕሎቻቸውን በስልኬ እያነሳሁ መላክ ጀመርኩ። የአውድማው ሥዕል ተሸጠ፤ ዓባይ ድልድይ ላይ የቆመው አውቶቡስ ተሸጠ፤ ገበያውንማ ደጋግመው ሣሉት። እስከዚያ ድረስ የሚኖሩት የሱቅ ታፔላ እየጻፉ ነበር። «ከእንግዲህ ሥጋ ቤት በር ላይ የበሬ ጭንቅላት አልሥልም! የምሥለውን እኔው እመርጣለሁ» ብለው ሲፈነጥዙ የሃያ ዓመት ጎረምሳ ይመስሉ ነበር።

ደስታው ግን ብዙ አልቆየም፤ ድረ ገጹ አሠራሩን ለወጠ። ሠዓሊ የራሱን ሐሳብ ሥሎ የሚያቀርብበት ጊዜ አለፈ፤ ከዚህ በኋላ ደንበኛ ፎቶግራፍ ይልካል፣ ሠዓሊው ፎቶውን ሳያዛንፍ ይሥላል ተባለ። መልእክቱን አነበብኩላቸው። እምቢ ካሉ ወደ በሬው ጭንቅላት መመለሳቸው ነው። እትዬ የሺ «እስቲ ይሞክሩት» አሏቸው። «እሺ፤ ፎቶው ላይ ያለውም ሰው አይደል» አሉ ጋሽ ይበልጣል።

የመጀመሪያው ፎቶ የሙሽሮች ነበር። ሁለቱ ዓይን ለዓይን ይተያያሉ፤ ስለዚህ ሁለቱም በጎን ናቸው። ጋሽ ይበልጣል ፎቶውን ይዘው ወደ ክፍሌ መጡ።

«አንቺ ልጅ፣ እነዚህ ምን አጠፉ?»

«ምንም አላጠፉም ጋሼ። እንዳለ ይሣሉት፤ የጠየቁት እሱን ነው።»

«በሠርጋቸው ቀን? እኔ አላደርገውም!»

ሁለቱንም ወደ እኛ አዙረው፣ ሁለት ሁለት ዓይን ሰጥተው ላኩት። መልሱ አልዘገየም። «ደንበኛዋ ፎቶውን አይመስልም ብላ አዝናለች፤ እርስዎም ከሠዓሊዎቻችን ተሰናብተዋል» የሚል ነበር። ያን ሰሞን ሱቃቸው በገባሁ ቁጥር የማየው አንድ ነው። ብሩሾቹ ታጥበው ተደርድረዋል፤ እሳቸው ደጃፍ ላይ ተቀምጠው የሥጋ ቤቱን በር ያያሉ።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ከሞጣ የመጣው ሚኒባስ አንዲት ወጣት አወረደ። ሸራ በብብቷ ይዛለች፤ የፊቷ ቁጣ አይጣል ነው። ሙሽራዋ ራሷ ናት! ሲስተር ውድነሽ ትባላለች፤ ሞጣ ነርስ ናት። ሥዕሉ ከብቸና አዲስ አበባ ሄዶ፣ እንደገና በብቸና በኩል አልፎ ነው ሞጣ የደረሳት። ከሥሩ የተጻፈውን ስማቸውንና ከተማቸውን አይታ ነው የመጣችው።

«በሠርጌ ቀን ባሌን ነበር የማየው! እርስዎ ሁለታችንንም ለመታወቂያ ፎቶ እንደቆመ ሰው አደረጉን!»

ጋሽ ይበልጣል እጇን ይዘው ከገበያው ሥዕል ፊት አቆሟት። «ይህ ኪስ አውላቂ ነው። አየሽው፣ አንድ ዓይን ነው ያለው። አንቺን እንዲህ ላድርግሽ?»

ሲስተር ሳቋ አመለጣት። ግን ዋዛ አልነበረችም። «ዓይኔን አይውሰዱብኝ። ባሌንም አይከልክሉኝ» አለች።

ሸራውን ተቀብለው ግድግዳው ላይ አስደገፉት። ቆመው አዩት፤ ተቀምጠው አዩት። በድንገት ግንባራቸውን መቱ። «ይህን ረስቼ!» አሉና ቀለም በጠበጡ። የሙሽሮቹን ፊት አልነኩም። የዓይናቸውን ብሌን ብቻ እያጠፉ ወደ ጥግ ወሰዱት፤ የሷን ወደ እሱ፣ የሱን ወደ እሷ። ሙሽሮቹ ፊታቸው ወደ እኛ እንዳለ በዓይናቸው ጥግ ተሰራርቀው መተያየት ጀመሩ።

ሲስተር ውድነሽ አፏን በእጇ ያዘች። «እናቴ ፊት እንዲህ ነበር የምንተያየው» አለች።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ሞጣ ይመስክር። መጀመሪያ የሥራ ባልደረቦቿ መጡ፤ ቀጥሎ አዲስ ሙሽሮች፤ ቀጥሎ ሠርጋቸው የተረሳ ባልና ሚስት። ጋሽ ይበልጣል ደንበኞቻቸውን አስቀምጠው እያጫወቱ ራሳቸው ይሥሉ ጀመር፤ ያለ ድረ ገጽ፣ በራሳቸው ሕግ። ድረ ገጹ ወሬውን ሰምቶ እንዲመለሱ ሲጠይቃቸው «ወረፋ ይያዙ በያቸው» አሉኝ። ደስ እያለኝ ጻፍኩላቸው።

ሱቃቸው ውስጥ አንድ ያልተጨረሰ ሥዕል ነበር፤ የራሳቸው ፊት ነው። አንዱ ዓይን ተሥሏል፤ የሁለተኛው ቦታ ባዶ ነው። ለምን እንደማይጨርሱት ስጠይቃቸው «አንዱን እኔ ሣልኩት። ደግ ሰው ነበር ብሎ ሁለተኛውን የሚጨምረው የሚያውቀኝ ሰው ነው» ይሉኝ ነበር። ስንስቅበት ኖርን።

ጋሽ ይበልጣል፣ በሠልስትዎ ዕለት ሥዕሉን ድንኳኑ ውስጥ አቆምነው። ማን ይሣለው ስንባባል አቶ ጌቴ ተነሥተው ብሩሹን ያዙ። የሣሉት ዓይን ከጓደኛው ተለቅ ብሎ ትንሽ ተንጋደደ። እያለቀስን ሳቅን። እንዳይቆጡን፤ የሠራው እህል ነጋዴ ነው። የብሌኑን ነገር ግን ሲስተር ውድነሽ ናት የነገረቻቸው፤ ወደ ጥግ፣ እትዬ የሺ ወደሚቀመጡበት በኩል አድርገውታል። እትዬም አይተውታል። እንግዲህ በሰላም ይረፉ ጋሼ፤ ቆጥረነዋል፣ ሁለት ነው።