የእናቴ አዞ ሐረግ

እናቴ ከጎጃም መጥታ ቡታጅራ እኔ ዘንድ መኖር ስትጀምር፣ የመጀመሪያውን ዓመት ከከተማዋ ጋር ተኳርፋ ከረመች። ጎመኑ አይጥማት፣ ባጃጁ ያደነቁራት፣ ሰው በማታውቀው ቋንቋ ሲሳሳቅ በእሷ የሚስቅ ይመስላት ነበር። አንድ ቀን ግን ከከተማው ዳር፣ ወንዝ አፋፍ ላይ አዞ ሐረግ አየች። አገሯ ከመስከረም ጀምሮ አጥሩን ሁሉ ነጭ የሚያደርገው አበባ እዚህም አለ! ዘመድ ያገኘች ያህል ተደስታ ከነሥሩ ነቅላ አመጣችውና ከአጥራችን ሥር ተከለችው።

ሐረጉ አጥሩን ተሻግሮ ወደ ጎረቤት ሲዘልቅ እናቴም ተከትላው ዘለቀች። ጎረቤቴ ዕድሜያቸውን እንሰት ሲያለሙ የኖሩ የመስቃን ጉራጌ እናት ናቸው። አማርኛቸው እንደ ነገሩ ነው፤ እናቴ ደግሞ ከጉራጊኛ አንድ ቃል አታውቅም። ቢሆንም አንዷ «አሰላሙ አለይኩም»፣ ሌላዋ «እንዴት አደርሽ» ተባብለው በአጥሩ ግራና ቀኝ ቆመው ሲያወሩ ይውሉ ነበር። ምን ያወሩ እንደነበር እስከ ዛሬ አልገባኝም።

እናቴ አምና አረፈች። ዘንድሮ ደግሞ ለውኃ መውረጃ ቦይ አጥራችሁን ወደ ውስጥ ሳቡ ተባልን። ቦዩ የሚያልፈው ልክ በሐረጉ ሥር ላይ ነው። በእናቴ እጅ ከተተከለ የቀረኝ እሱ ብቻ ነበርና እሱንም ማጣት ከበደኝ። ቅርንጫፉን እየቆረጥኩ ውኃ በሞላሁት የሃይላንድ ጠርሙስ ውስጥ ነከርኩት፣ አፈር ውስጥ ሰካሁት፤ ሁሉም እየጠቆረ በሰበሰ። ጎረቤቴ ከማዶ ሆነው እያዩ ራሳቸውን ይነቀንቁ ነበር።

ለሥልጠና ወልቂጤ ሰንብቼ ስመለስ ሐረጉ የለም። ከቦዩ ርቆ፣ ከቤቴ ግድግዳ ሥር፣ እበት የተከመረበት እርጥብ መሬት አየሁ። ጎረቤቴ አጠገቡ ተቀምጠው ይጠብቁኛል።

«በእንሰት ወግ ሠራሁት» አሉኝ ፊታቸው በርቶ። እንሰት የሚራባው እንዲህ ነው፦ እናቲቱ ትነቀላለች፣ ግንዷ ይቆረጣል፣ የሥሯ እምብርት ተቦርቡሮ ይወጣና እበት ለብሳ ትቀበራለች። ከዚያ በዙሪያዋ ልጆች ይፈላሉ። «እናት ሳይቆረጥ ልጅ የለም» አሉ።

ደሜ ፈላ። እኔ ስቆጣ አፌ አይመርጥም። «ከሞኝ ደጃፍ ሞፈር ይቆረጣል! ሐረግ እንሰት ነው እንዴ? ገደሉት እኮ!» አልኩና ገብቼ በሩን ዘጋሁት።

አኮረፍኳቸው። እሳቸው ግን ጠዋት ጠዋት በጆግ ውኃ ይዘው ይመጣሉ፣ ያጠጣሉ፣ ይሄዳሉ። አንድ ቀን «ይተዉት፣ ሞቷል» ልላቸው ወጣሁ። ጆጉን በሻርፓቸው ጫፍ ጠቅልለው ነው የያዙት። እጃቸው ተላልጧል። የአዞ ሐረግ ጭማቂ ቆዳ ያቃጥላል፤ እናቴ ስትገርዘው እጇ ላይ ላስቲክ ታስር ነበር። እሳቸው ለካ በባዶ እጃቸው ነው የቆረጡት።

«አንቺ እናት አጣሽ» አሉኝ፤ «እኔ ጓደኛ አጣሁ።»

ከዚያ ወዲያ ጆጉን እኔ መያዝ ጀመርኩ፤ እሳቸው ቁጭ ብለው ትእዛዝ ይሰጡኛል።

ክረምቱ እንደገባ አንድ ጠዋት ጮኸው ጠሩኝ። ቢላዋው ሳይደርስበት ከቀረው የሥሩ ጎን ቀላ ያለ ቡቃያ ብቅ ብሏል። እኔ እልል ልል ምንም አልቀረኝ፤ እሳቸው ግን ተንበርክከው ዙሪያውን አፈሩን በጣታቸው ይፈትሻሉ። ሌላ የለም። ከአንዲት እንሰት ያን ሁሉ ልጅ ሲያፈሉ የኖሩ ሴት በሠሩት ነገር ኀፍረት ያዛቸው።

«አንድ ብቻ» አሉ ቀና ሳይሉ። «አፉ በይኝ ልጄ። እናቲቱን ለአንድ ልጅ ብዬ ገደልኳት።»

«እማማ» አልኳቸው አጠገባቸው ቁጢጥ ብዬ፤ «እናቴም የወለደችው እኮ እኔን ብቻ ነው።»