የእህቴ ባል ቀዩ ማጥፊያ አጠገብ

የእህቴን ባል ዳቦ ፋብሪካ ያስቀጠርኩት እኔው ነኝ፤ ታዲያ በማን ላይ ላማርር? ሰውዬው ጢም ሳያበቅል ውትድርና ገብቶ፣ ሃምሳ አለቃ ሆኖ፣ ጉልበቱን ሲታመም በቦርድ ተሰናብቶ ቤቱ ገባ። ከዚያ በኋላ ያየነው ጉድ ለሰው አይነገርም፤ እኔ ግን እነግራለሁ። ምግብ ቀርቦለት ቁጭ ብሎ ይጠብቃል። እህቴ "ብላ እንጂ" ካላለችው እጁን አይሰድም። ሳሙና ግዛ ብላ ብትልከው ባዶ እጁን ተመለሰ፤ የሳሙናው ዓይነት በዝቶበት የትኛው እንደታዘዘ አላወቀም። በሳቅ ፈረስን።

"ተዪ አትሳቂ" አለኝ። "የእውነት ፈርቻለሁ። ጠዋት ስነቃ ምን እንደማደርግ የሚነግረኝ የለም።"

ጥይት ሲያፏጭበት የኖረ ሰው እንዲህ ሲል ሳቄን ተውኩት። እህቴም ማድቤት ገብታ ስታለቅስ አንጀቴ አልችል አለ። በሳምንቱ እኔ ወደምሠራበት ፋብሪካ ይዤው ሄድኩ።

እኛ ጋ የሊጥ ማቡኪያው አሮጌ ነው። ሊጡ ጎኑ ላይ እየተጣበቀ ያስቸግራል። ስለዚህ ሞተሩ ቀስ እያለ ሲዞር አንድ ሰው እጁን ከትቶ ሊጡን ወደ መሃል ይገፋል፤ ሌላው ቀዩ ማጥፊያ አጠገብ ቆሞ የዚያን ሰው እጅ ይጠብቃል። ሞተሩ መሃል ላይ ጠፍቶ ወዲያው ካልተነሳ ግን ሊጡ የሚያቦካውን ብረት ይይዘዋል፤ ያን ሁሉ ሊጥ በባልዲ ስንቆፍር መዋላችን ነው። ሳይቸግረው ያጠፋ ሰው የተቆጣጣሪውን አፍ ይቀምሳል። ተቆጣጣሪውን መብረቅ ነው የምንለው፤ ሲጮህ ከጣራው ዱቄት ይረግፋል። እጅ የምከተው እኔ ነኝ።

የእህቴን ባል፣ እኔ ጋሼ የምለውን፣ ማጥፊያው አጠገብ አቆሙት።

"ችግር ካየህ ታጠፋለህ" አለው መብረቅ።

"በማን ትእዛዝ?" አለ ጋሼ፣ ቀጥ ብሎ።

ፋብሪካው በሳቅ አውካካ። ሲጠሩት "አቤት!" እያለ ተረከዙን ስለሚያጋጭ በዚያው ቀን "አቤት" ብለው ስም አወጡለት። እኔ ግን ሳቅ አልመጣልኝም። እዚያ ብረት መሃል የሚገባው እጅ የኔ ነው።

የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል። አንድ ጠዋት ብረቱ የጋውኔን እጅጌ ያዘና ወደ ውስጥ ይጎትተኝ ጀመር። ክው አልኩ፤ ድምፅ አልወጣልኝም። ዓይኔን ወደ ጋሼ ብወረውር እጁ ማጥፊያው ላይ ነው፤ ፊቱ ግን ወደ መብረቅ ቢሮ መስኮት ዞሯል። ፈቃድ ይጠብቃል! ጋውኑ ያረጀ ባይሆን ኖሮ ዛሬ የማወራው ሌላ ወሬ ነበር። እጅጌው ተቦጭቆ ወደ ኋላዬ ወደቅሁ፣ ክንዴ ከመላጥ በቀር ምንም አልሆነም።

ከሥራ ስንወጣ መንገድ ላይ ያዝኩት።

"ጋሼ፣ እጄ ቢቆረጥስ ኖሮ? ያኔም ቢሮ ልታንኳኳ ነበር?"

"ገና ሲይዝሽ አይቻለሁ" አለኝ። "እጄ እምቢ አለኝ። ወጣት ሳለሁ አንድ ጊዜ ሳልታዘዝ ከምሽግ ተነሳሁ። እኔን አይቶ የተነሳው ጓደኛዬ እዚያው ቀረ። ከዚያ ወዲህ ሰው ተነስ ካላለኝ አልነሳም።"

ሥራውን ልቀቅልኝ ልለው አፌ ድረስ መጥቶ ነበር። ሌላ ሰው ይቁምልኝ ብዬ ለመብረቅ ብናገር ደግሞ በማግስቱ ያባርረዋል፣ እህቴም ተመልሳ ግድግዳ ከሚያይ ባል ጋር ልትቀመጥ ነው። ዋጥኩት። ከዚያ በኋላ እጄን በከተትኩ ቁጥር ቀና ብዬ እሱን አያለሁ። እሱ ዓይኑን ከእጄ ላይ አይነቅልም፤ ቢያይስ? ያን ቀንም እኮ አይቶ ነበር።

አንድ ቀን ለሆስፒታል የሚሄድ ዳቦ ዘገየብንና መብረቅ ራሱ መጥቶ ማሽኑ አጠገብ ተገተረ።

"ዛሬ ይህን ነገር የሚያጠፋ ሰው ወዮለት!" አለ።

አለቀልኝ አልኩ። ሰውዬው ትእዛዝ ሲጠብቅ ኖሮ ይኸው ትእዛዙ መጣለት። ሊጡ ከብዶ ስለነበር ጎንበስ ብዬ እስከ ክንዴ ድረስ ገባሁ፣ በልቤ ጸሎት እያደረስኩ። ድንገት ሞተሩ ጸጥ አለ። ምንም አልተሰማኝም ነበር። ቀና ልል ስል ነው አንገቴን ያነቀኝ፤ አንገቴ ላይ የታሰረው የሻሼ ጫፍ ወርዶ ብረቱ ላይ ተጠምጥሟል።

መብረቅ ከኋላዬ ስለሆነ ሻሹን አላየም።

"ማን አዘዘህ?" ብሎ ጮኸ።

ጋሼ ቀጥ ብሎ ቆሟል። ላቡ ግን ከአገጩ ይንጠባጠባል።

"ማንም" አለ። "ማንም አላዘዘኝም።"

"ሊጡ ሳይዘው አስነሳው! አስነሳው እልሃለሁ!"

ማስነሻው ከማጥፊያው ቀጥሎ ነው፣ የጋሼ እጅ እዚያው ነው፣ የተናገረው አለቃ ነው። እኔ አንገቴ እንደታሰረ አጎንብሻለሁ። ለመጮህ ብሞክር ሲር የሚል ትንፋሽ ብቻ ወጣኝ። ዓይኔን ጨፈንኩ።

"እምቢ" አለ ጋሼ። እንዲህ የፈራ የወንድ ድምፅ ሰምቼ አላውቅም። "መጀመሪያ እሷን እፈታለሁ።"

መጥቶ አጠገቤ ተንበረከከ። ቋጠሮውን ደጋግሞ ሳተው።

"አይዞሽ" ይለኛል።

"አይዞህ ጋሼ" እለዋለሁ።

መብረቅም ሻሹን አየና፣ ጋሼ እስኪጨርስ ከኋላችን ቆሞ ጠበቀ።