ሃያ አምስተኛው ወረቀት

አሰልጣኟ ምስጋና ታስተምራለች እንጂ ምስጋና አታምንም። "ከልብ አመሰግንሻለሁ" ያላትን ሰው ሁሉ፣ ቀጥሎ ምን ሊለምናት ነው ብላ አፍ አፉን ታያለች። አንዴ አንዲት ሰልጣኝ አበባ ይዛላት ብትመጣ፣ ገና ሳትቀበላት "ምነው፣ የምስክር ወረቀትሽ ላይ ስህተት አለ?" ብላ አስደነገጠቻት። ባሏ በዚህ ነገር ሲስቅባት ይኖራል። "አንቺ እኮ የገዛ ጥላሽንም መታወቂያ ትጠይቂያለሽ" ይላታል። እሷ ታዲያ አትስቅም። ዛሬ ደግሞ ምን አጥፍቶ ነው የሚቀልደው ትላለች በሆዷ።

ሥራዋ በየመሥሪያ ቤቱ እየዞሩ ማሰልጠን ነው፤ ደንበኛ እንዴት እንደሚስተናገድ፣ አለቃና ሠራተኛ እንዴት እንደሚግባቡ፣ ሰው የሥራ ባልደረባውን እንዴት እንደሚያመሰግን። ከደንበኞቿ ሁሉ የቆየው አንድ ትልቅ ኩባንያ ነው። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ፣ በየሦስት ወሩ፣ እዚያው አዳራሽ ቆማለች። ይህ ውል ከቀረ የቤቷ ኑሮ ግማሹ ቀረ ማለት ነው።

ጥርጣሬዋ ደግሞ እንዲያው ከሜዳ የመጣ አይደለም። ሥልጠናው ሲያበቃ ሰልጣኞች ስም የማይጻፍበት የአስተያየት ወረቀት ሞልተው በሩ አጠገብ ያለው ሣጥን ውስጥ ይከታሉ። አዳራሹ የሚይዘው ሃያ አራት ሰው ነው። ወረቀቱ ግን ሁልጊዜ ሃያ አምስት ይሆናል። ሃያ አራቱ "በጣም ጥሩ ነበር፣ ይቀጥል" ይላሉ። ሃያ አምስተኛው በሰማያዊ እስክሪብቶ፣ በተንጋደደ ጽሕፈት፣ ነገር ይዞ ይመጣል። "ድምፅሽ ከኋላ ለተቀመጠው አይደርስም።" "የአውቶቡሱን ቀልድ አምናም ተናግረሽዋል።" "ጥግ ላይ ያለችው ልጅ ሁለቴ እጇን አወጣች፣ አላየሻትም።"

ማን ነው ይሄ ጉደኛ? መጀመሪያ የጠረጠረችው ሥራዋን የሚመኝ አንድ ሌላ አሰልጣኝ ነበር። ቀጥሎ የሰው ኃይል ክፍል ጸሐፊዋን ጠረጠረች። አንድ ዓመት ሙሉ ደግሞ እዚያው ሕንፃ ላይ የምትሠራውን የባሏን እህት በክፉ ዓይን ስታይ ከረመች። ወረቀቱን ግን ለማንም አታሳይም። ከሃያ አራቱ መሐል ትመዝና ቤቷ ወስዳ ቁም ሣጥን ውስጥ፣ ከጫማዎቿ ሥር፣ ቡናማ ፖስታ ውስጥ ትቀብረዋለች። በሚቀጥለው ሥልጠና ድምፅዋን ከፍ ታደርጋለች፣ ቀልዱን ትተወዋለች፣ ጥግ ጥጉን ታያለች። ይህን ለራሷም አታምንም። ባሏ አንድ ቀን ፖስታውን አግኝቶ ሲያነብ "ሰውየው እኮ ልክ ነው" ቢላት፣ እሱንም ሁለት ቀን ጠረጠረችው።

ዘንድሮ አዲስ የሥልጠና ኃላፊ መጣ። ለሚቀጥሉት ሦስት ዓመታት የሚዋዋሉት የፊታችን ሥልጠና ታይቶ እንደሆነ ነገራት። "ሣጥኑን ራሴ ነኝ የምከፍተው" አላት። ሃያ አምስተኛውን የምትመዝበት መንገድ ተዘጋ። ስለዚህ ቀደመችው። "እዚህ ቤት ስሜን ሊያጠፋ የተነሳ ሰው አለ። ሰልጣኝ ሳይሆን ሣጥኑ ውስጥ ወረቀት ይከታል፤ ይያዝልኝ" አለችው። ማታ ለባሏ ስትነግረው "አሳ ጎርጓሪ ዘንዶ ያወጣል፣ ብትተይው ይሻልሽ ነበር" አላት።

አልተወችውም። እንዲያውም በዚያ ሕንፃ ውስጥ ጨርሶ የማትጠረጥራቸውን አንድ ሰው አማከረች። እሳቸውም የአዳራሹ ጠባቂ ናቸው፤ ሰው ሁሉ ጋሼ ይላቸዋል። ወንበር ይደረድራሉ፣ ማይክሮፎን ያስተካክላሉ፣ ወረቀት ያባዛሉ፣ ከዚያ በሩ ሥር በርጩማቸው ላይ ቁጭ ይላሉ።

"ጋሼ፣ እባክዎ ዓይንዎን ከሣጥኑ አይንቀሉልኝ። ጠላት አለብኝ።"

"ጠላት?" አሉ ጋሼ የማይክሮፎኑን ገመድ እየጠቀለሉ። ትንሽ አሰቡና "እሺ ልጄ፣ እፈልግልሻለሁ" አሏት።

ሥልጠናው ደህና አለፈ። በማግስቱ ኃላፊው አስጠራት። "ያልሽው እውነት ነው። ትናንት ከኋላ ሆኜ ስጠብቅ በዓይኔ አየሁት" አላት።

"ማን ሆኖ ተገኘ?"

"የአዳራሹ ሽማግሌ። የስንብት ደብዳቤ እያስጻፍኩ ነው። ጡረታቸው ሰባት ወር ቀርቶት ነበር፤ ግን ሰነድ ማጭበርበር ማጭበርበር ነው። እሱን ወረቀት ጥዬዋለሁ። ሃያ አራቱ ድንቅ ናቸው፣ ውልሽ ይፈረማል።"

እሳቸውም? አሥራ አንድ ዓመት እየሳቁ "እንዴት አደርሽ" ያሏት ሰው? ደሟ ፈላ፤ ደረጃውን ሁለት ሁለቱን እየረገጠች ወረደች። ጋሼ ወንበር እየደራረቡ ነበር።

"ጋሼ፣ ምን በደልኩዎት?"

አልካዱም፣ አልደነገጡምም። "አንቺ አይደለሽ እንዴ ወረቀቱን የሰጠሽኝ?" አሏት።

"እኔ?"

"መጀመሪያ የመጣሽ ቀን። እኔ በር ላይ ቆሜ ነበር። 'ጋሼ፣ ቆመው አይስሙ' አልሽና ወንበር ሳብሽልኝ። ስትጨርሺ ለእኔም ወረቀት ሰጠሽኝ። 'የሰማ ሁሉ ይሙላ፣ እውነቱን ብቻ ይጻፉልኝ' አልሽኝ። ሃያ ስድስት ዓመት እዚህ ቤት ስሠራ፣ ጋሼ ምን ይመስልዎታል ያለኝ ሰው አንቺ ብቻ ነሽ። ውለታ ነው ብዬ ያዝኩት። ታዲያ በምን ልመልስልሽ? እንዳልሽኝ እውነቱን ጻፍኩልሽ።"

ወንበር የሳበችው ትዝ አላት። ያን ቀን ፍርሃት ይዟት ነበር፤ በሩ ላይ የቆመ ሰው ስታይ የምትናገረው ስለሚጠፋት ነው ያስቀመጠቻቸው። ወረቀት መስጠቷን ግን ፈጽሞ ረስታዋለች።

"ታዲያ ይጠብቁልኝ ስልዎት ለምን አልነገሩኝም?"

"ጠላት አለብኝ አልሽኝ። ፈለግሁ፤ አጣሁ።"

ባሏ ያለው ዘንዶ ይሄው ወጣ። ዝም ብትል የሦስት ዓመት ውል ኪሷ ውስጥ ነው፤ ጋሼም አይከሷትም። ያን ያህል ፈርታ አታውቅም። ቤቷ ሄዳ ጫማዎቹን አነሳች፤ ፖስታውን ይዛ ተመለሰችና ኃላፊው ጠረጴዛ ላይ ዘረገፈችው።

"እኚህ ሰው ሰልጣኝ ናቸው። ወረቀቱን የሰጠኋቸው እኔ ነኝ፤ የከሰስኳቸውም እኔ ነኝ" አለችው።

ኃላፊው አንድ በአንድ አነበበ። ከአርባ በላይ ነበሩ። "እነዚህን ከእኛ ትደብቂ ነበር?"

"አዎ።"

"እንግዲያስ እኛ ያነበብነው አንቺ የመረጥሽልንን ነው።"

"አዎ። የተሻልኩት ግን በእነዚህ ነው።"

የስንብት ደብዳቤው ቀረ። የሦስት ዓመቱ ውልም አብሮ ቀረ፤ አንድ ሥልጠና ብቻ ስጪ፣ ከዚያ እናያለን ተባለች። ባሏ ይህን ሲሰማ "ደግ አደረግሽ" አላት። ለምን እንዲህ እንዳለ አልመረመረችውም።

ለዚያ ሥልጠና ሃያ አምስተኛ ወንበር ከፊት ረድፍ አስገባች። ጋሼን አስቀመጠች፣ ሰዉ ፊት ቆማ አመሰገነቻቸው፤ ጨረሰች ሲባል እንደገና ጀመረች፣ ደገመችው። ጭብጨባው ሲቀልጥ እሳቸው አንገታቸውን ደፍተው ጫማቸውን ያያሉ።

በማግስቱ ኃላፊው ስለ ውሉ ምንም አልተናገረም። አንድ ወረቀት ብቻ ሰጣት። ሰማያዊ እስክሪብቶ፣ የተንጋደደ ጽሕፈት። "ጥሩ ነበር። ስለ እኔ ያወራሽው ግን ረዘመ፤ የሰዉ ሻይ ቀዘቀዘ" ይላል።

ከሥሩ፣ ማንም በማይጽፍበት ቦታ፣ ሙሉ ስማቸውን ከነአባታቸው ጽፈዋል። አሥራ አንድ ዓመት ጋሼ ስትላቸው ኖራ፣ ስማቸውን ያወቀችው ያን ጠዋት ነው።