ፍሪጄ በር ያስከፈተኝ ቀን

ዛሬ ጎረቤቴ እትዬ ዘይነባ የሞትኩ መስሏቸው እየሮጡ ቤቴ ገቡ።

ነገሩ ፍሪጄ ነው። ማቀዝቀዝ ቢያቆም ጋዝ የሚሞላ ባለሙያ ጠራሁ።

«ጋሼ፣ የአሁኑ ጋዝ እንደ ድሮው የአየር ንብረቱን አይጎዳም። ግን ቶሎ እሳት ይይዛል፤ በሩንም መስኮቱንም ይክፈቱልኝ» አለኝ።

ወለል አድርጌ ከፈትኩ። ባለቤቴ ካረፈች፣ ለቀስተኛውም ከተበተነ ወዲህ በሬ እንዲህ ተከፍቶ አያውቅም።

«በርዎ ወለል ብሎ ሳየው ለቅሶ መሰለኝ» አሉ እትዬ ዘይነባ፣ ነጠላቸውን እያስተካከሉ። ተከትለዋቸው ሦስት ጎረቤቶች ደረሱ። መቱ ከተማ ውስጥ ይህን ያህል ጠያቂ የመጣለት ፍሪጅ ያለ አይመስለኝም።

ስቀው፣ ትንሽ ተቀምጠው ሄዱ።

እናንተስ ቤት ሳይጠሩት ሰው የገባው መቼ ነው? እስኪ ጻፉልኝ።

ጋዙ ከተሞላ ቆየ። ዝናብ ጀምሮ ወደ ውስጥ እየገባ ነው። በሩን ግን አልዘጋሁትም።