ለአያ ይግዛው የተነገረ ትንቢት

ባለፈው ሰሞን ገንዳ ውሃ መናኸሪያ የጎንደር አውቶቡስ ስንጠብቅ አንድ ሰባኪ ድምፅ ማጉያውን ከፍቶ «የተነገረላችሁ ሁሉ ይፈጸማል!» ይላል። አጠገቤ ያለችው የልጄ ልጅ «አሜን» አለች። እኔ የሰውየውን ጫማ ነበር የማየው። ነቢይ ነኝ ባይ ሳይ ዓይኔ መጀመሪያ ወደ እግሩ ነው የሚሄደው። «እምዬ፣ አንቺ እኮ ሰው አታምኚም!» አለችኝ። እውነቷን ነው። ይህን ጠባይ ከየት እንዳመጣሁት አውቶቡሱ እስኪመጣ ነገርኳት።

ያኔ ሃያ ዓመት አልሞላኝም። አባቴ ከደጋ ወርዶ መተማ የሰፈረ ገበሬ ነው፤ ሰሊጥና ማሽላ እናርሳለን። ሰሊጥ ደግሞ ክፉ ሰብል ነው፤ ከደረሰ ቀን አይሰጥም፣ ይከፈትና ፍሬው መሬት ላይ ይረግፋል። ስለዚህ መስከረም ሲጋመስ ቆላው በሙሉ ሠራተኛ ፍለጋ ያብዳል። የአንዱን እርሻ አጫጅ ሌላው በሥጋ፣ በሻይ፣ በወሬ ያስኮበልላል። እኔ የአጫጆቹ ወጥ ሠሪ ነበርኩ። የማሽላ እንጀራ በባሚያ ወጥ አበላለሁ፤ ሙቀቱ ሲበረታ ከርከዴ የሚባለውን ቀይ የአበባ መጠጥ በባልዲ ተሸክሜ እርሻው ድረስ እሄዳለሁ።

ከአጫጆቹ በዕድሜ ትልቁ አያ ይግዛው ነበሩ፤ ጎጃሜ ናቸው። አለባቸው የሚባል አንድ ልጃቸው እንደ እኩዮቹ ለሰሊጥ ሥራ ቆላ ወርዶ በዚያው ቀርቷል። ሚስታቸውም አርፈዋል፤ ሌላ ሰው የላቸውም። በየዓመቱ እየወረዱ ያገኙትን ሁሉ «ግንባሩ ላይ ጠባሳ ያለበት ልጅ አላያችሁም?» ይላሉ። አንጀቴን ይበሉት ነበር። ከወጡ ወፈር ያለውን ለእሳቸው ነበር የማወጣው።

አንድ ቀን በምሳ ሰዓት ቢጫ የለበሰ፣ መስቀል የጨበጠ ባሕታዊ መጣ። አንቱ አልለውም፤ ምክንያቱን ትሰማላችሁ። ከገዳም በባዶ እግሬ መጣሁ አለ። ተረከዙን አየሁት፤ አንዲት ስንጥቅ የለችውም። ወይ ጉድ፣ አልኩ በሆዴ። አጫጆቹ ግን ማጭዳቸውን ጥለው ተንበረከኩ። ይህ እርሻ መዓት ይወርድበታል፣ በረከት ያለው በስተሰሜን ባለው የሰሊጥ አገር፣ አብደራፊ ነው አላቸው። ለአንዱ ጤና፣ ለሌላው ትዳር፣ ሁሉም አብደራፊ! አያ ይግዛው ዘንድ ሲደርስ እጁን ራሳቸው ላይ ጭኖ፣ «ልጅህ አብደራፊ ነው። ታገኘዋለህ። ይህ ቃል መሬት አይወድቅም» አለ። የልጃቸውን ነገር በምን አወቀ ትሉኝ ይሆናል። እሱን ያልሰማ ቆላ ውስጥ ማን ነበር! እሳቸው ግን አለቀሱ።

አመሻሹ ላይ አባቴን፣ «ይኼ ሰው አጭበርባሪ ነው» አልኩት።

ድቁና የተማረ ሰው ስለሆነ ሁሉን ነገር ከመጽሐፍ ነው የሚጀምረው። «አንቺ ቶማስ! ሐሰተኛ ነቢይ የሚታወቀው የተናገረው ሲቀር ነው፤ ኦሪት እንዲያ ይላል። ጠብቀን እንይ።»

«እኛ እስክናይ ሰሊጡ ይጠብቀናል?»

ዳዊቱን አንሥቶ ወደ ቤት ገባ።

በማግስቱ ረቡዕ ነበር። ጨውና ዘይት ልገዛ ገንዳ ውሃ ወረድኩ። በሥጋ ቤቱ ጓሮ ሳልፍ ያ ባሕታዊ በጾም ቀን ጥብሱን ይጎርሳል! ፊት ለፊቱ የተቀመጠው ለአብደራፊ እርሻዎች ሠራተኛ የሚያስኮበልል ደላላ ነው፤ አውቀዋለሁ። «ሁሉም ይመጣሉ?» አለው ደላላው። «ሽማግሌው ከተነሣ ሌላው ይከተላል» አለ ጣቱን እየላሰ። ደሜ ፈላ። ዘይቱንም ሳልገዛ ተመለስኩ።

አያ ይግዛው ጋቢያቸውን ጠቅልለው ማጭዳቸውን በጨርቅ ሲያስሩ ደረስኩ።

«አያ ይግዛው፣ በእመቤቴ ይዤዎታለሁ፣ አይሂዱ! ሰውየው የተቀጠረ ነው። ከደላላው ጋር ሥጋ ሲበላ በዓይኔ በብረቱ አየሁት።»

ማሰሩን ሳያቆሙ፣ «እኔም ጠርጥሬ ነበር» አሉ።

«ታዲያ?»

«ልጄ፣ እስካሁን እውነቱን የነገሩኝ ሁሉ 'አላየነውም' ነው ያሉኝ። ታገኘዋለህ ያለኝ እሱ ብቻ ነው።»

አባቴ ከጎን ሆኖ፣ «በለዓምም ለእርግማን ተቀጥሮ ነበር፤ ከአፉ የወጣው ግን ምርቃት ሆነ» አለ። በንዴት ልፈነዳ ደረስኩ። ሌሎቹ አጫጆች የጥብሱን ወሬ ሲሰሙ ቀሩ፣ ሰሊጡም ተረፈ። አያ ይግዛው ግን ብቻቸውን ሄዱ። ያን ዓመት ሙሉ ወባ የገደላቸው ይመስለኝ ነበር።

በዓመቱ መስከረም አንድ ከሲታ ወጣት አስከትለው ከች አሉ። «አገኘሁት!» ሲሉ እልልታዬን አቀለጥኩት። ከዚያ ግንባሩን አየሁ፤ ጠባሳ የለም። ልጁ ባልዲውን ከእጄ ተቀብሎ በለየለት የወሎ አነጋገር፣ «አብሽሪ እቴ፣ እኔ እይዘዋለሁ» አለኝ። ስሙን ብጠይቀው ሰይድ ነው።

ሽማግሌውን ወደ ጥግ ወስጄ፣ «ይኼ አለባቸው አይደለም እኮ!» አልኳቸው።

«አላበድኩም ልጄ» አሉ። አብደራፊ ውስጥ ልጃቸውን ፈልገው ፈልገው ደክሟቸው አንድ የሰሊጥ መጋዘን ጥላ ሥር ሲቀመጡ፣ ይህ ልጅ በትኩሳት ተይዞ፣ ጓደኞቹ ጥለውት «አባ! አባ!» ይላል። አባቱ ከሞተ ቆይቷል። እስኪድን አብረውት ተቀመጡ፤ ከዳነ በኋላም አልተለያዩም።

«ታዲያ ትንቢቱ የት አለ?» አልኩ፤ አልለቅም።

«አለባቸውንም መርጬ አልወለድኩትም፤ እግዜር ነው የሰጠኝ። ይኼንንም ሰጠኝ።»

አንዱ የክርስቲያን፣ ሌላው የእስላም ሥጋ እንዳይሆንባቸው ሁለቱም ሥጋ ትተው ባሚያዬን ከአንድ ትሪ በሉ።

የልጅ ልጄ ዓይኗ አብርቶ፣ «ስለዚህ ባሕታዊው እውነተኛ ነበር!» አለች። «ሌባ ነበር!» አልኳት። ዛሬም ያ ሰው ቢመጣ በወጥ ማማሰያ ነው የማባርረው። ግን ያ የውሸት ቃል ሰይድን ከሞት አትርፏል፤ ይህንን ምን ላድርገው? ስንት ዓመት አሰብኩበት፣ መላ የለውም።

አያ ይግዛው ሲያርፉ አስከሬናቸውን ጎጃም ድረስ የወሰደው ሰይድ ነው። አንተ ማነህ ሲሉት «ልጃቸው ነኝ» ብሎ ለቅሶ ተቀመጠ። አሁን አብደራፊ ትራክተር ይነዳል። አዝመራ በደረሰ ቁጥር ከደጋ የወረዱትን ሠራተኞች ስለ አለባቸው ይጠይቃል፤ ወንድሜ ነው ይላል። በእኛ በኩል ሲያልፍ ጎራ ብሎ፣ «እቴ፣ አገኘዋለሁ ትያለሽ?» ይለኛል።

ይህን ሁሉ ዘመን ያልተገኘ ሰው ይገኛል ብዬ አላምንም። ለአባቱ አይሂዱ ብዬ ፊት ለፊት የተናገርኩ ሴትዮ፣ ለሱ ግን አይገኝም ልል ስል አፌ እምቢ ይለኛል።

«ታገኘዋለህ» እለዋለሁ።