አድማሴ ኮሌጅ ሲመርጥ

በወረታ ከአድማሴ በላይ ሩዝ የሚያውቅ ሰው የለም ቢባል፣ የሚከራከረው ከመንገዱ ማዶ ያለው የሩዝ ነጋዴ ይሄይስ ብቻ ነው። አድማሴና እኔ አንድ ዴስክ ላይ ተቀምጠን ነው የተማርነው። እኔ ዩኒቨርሲቲ ገባሁ፤ እሱ የአባቱ መጋዘን ገባ። ገበሬ ሩዝ ሲያመጣለት የሚፈታውን ጆንያ የሚመርጠው ራሱ ነው። ከመሃል አንዱን ያስወጣል፣ ይፈታል፣ ፍሬውን በጥርሱ ይሰብራል። ሻጩ “ይህን እይልኝ” ያለውን ጆንያ ዞር ብሎም አያየው።

ባለፈው ጥቅምት መጋዘኑ ጎራ ብል ከልጁ ከፍቅርአዲስ ጋር ተፋጠው አገኘኋቸው። ልጅቷ አዲስ አበባ ሄዳ ቢዝነስ መማር ትፈልጋለች። የመመዝገቢያው ቅጽ ግን የአባቷ ፊርማ ይጎድለዋል።

“አንደኛ ነው እኮ አባባ!” አለች፣ የታተመ ወረቀት አፍንጫው ሥር ዘርግታ። “በቢዝነስ ትምህርት ከአገሩ ኮሌጆች ሁሉ አንደኛ!”

“ማን አለ?”

“የኮሌጅ ኃላፊዎችን ስለ ሌሎቹ ኮሌጆች ጠይቀው ነው ደረጃውን ያወጡት።”

አድማሴ ወደ ማዶ ተጣራ። “ይሄይስ! የእኔ ሩዝ ስንተኛ ነው?”

“ከመጨረሻ አንደኛ!” አለ ይሄይስ፣ ቀና እንኳ ሳይል።

“ይኸው ደረጃ!” አለ አድማሴ እየሳቀ።

“ምኑ ያስቅዎታል? ምዝገባው ነገ ቀትር ላይ ይዘጋል!” ዓይኗ እንባ አቀረረ።

አድማሴ ሳቁን ዋጠ። ወረቀቱ ላይ ጋዋን የለበሱ ሦስት ተመራቂዎች ጥርሳቸውን ያሳያሉ።

“እነዚህን ማን መረጣቸው?”

“ኮሌጁ ነዋ።”

“እንግዲያው እኔም የራሴን ልምረጥ” ብሎ ከሥር የተጻፈውን ቁጥር ደወለ። ሁላችንም እንድንሰማ የስልኩን ድምፅ ከፍ አደረገው። ያነሳችው ውባንቺ የምትባል የኮሌጁ መዝገብ ቤት ሠራተኛ ነበረች።

“የኔ ልጅ፣ የአምና ተመራቂዎች ስም ዝርዝር አጠገብሽ አለ? በይ ዓይንሽን ጨፍኚና ጣትሽን አሳርፊበት። ከደረሰው ልጅ ጋር አገናኚኝ።”

“የሰው ስልክ አንሰጥም አባቴ” አለች እየሳቀች። “እኔም እዚሁ ነው የተመረቅሁት፤ ከፈለጉ እኔን ይጠይቁኝ።”

“የኮሌጁ ስም ምን ጠቀመሽ?”

“ሦስት ትልልቅ ድርጅቶች ለቃለ መጠይቅ ጠሩኝ። ስሙን አይተው ነው።”

“ከዚያስ?”

“ከዚያማ ስሙ ውጭ ቀረ፤ ብቻዬን ገባሁ።” ድምፅዋ ዝቅ አለ። “ሰው ፊት መናገር እፈራለሁ፤ አፌ ተሳሰረ።”

እኔም ዲግሪዬን ጭኔ ላይ አስቀምጬ፣ ለሥራ ስጠየቅ የአባቴን ስም የረሳሁበት ቢሮ ትዝ አለኝ።

“አይዞሽ” አለ አድማሴ።

“ልጅዎ ግን መናገር የምትፈራ አትመስለኝም። ‘ይጠይቋት! ይጠይቋት!’ እያለች ስታንሾካሹክ እየሰማኋት ነው” አለች ውባንቺ።

አድማሴ ስልኩን ለልጁ ሰጣት። ፍቅርአዲስ የትኛው መምህር በደንብ እንደሚያስተምር፣ የትኛው ከክፍል እንደሚቀር፣ ተማሪው ሥራ ቦታ ሄዶ ይለማመድ እንደሆነ ጠየቀች። መልሱን ደረጃው በታተመበት ወረቀት ጀርባ ላይ ጻፈች። ጀርባው ሲሞላባት ዓይኗን ሳታነሳ አጠገቧ ያለውን ሌላ ወረቀት ሳበች።

አድማሴ ከእጇ ነጠቃት።

“እዚህ ላይ አትጻፊ፤ ቅጹ ነው!” አለና ኪሱ ውስጥ እስክሪብቶ ፈልጎ ፈረመበት።